የሰውን ታሪክ በአደራ ስለ መያዝ

(በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር። በዕለቱ በዝናቡ ምክንያት ብዙ አባላት ስላልተገኙ፣ ሁሉም እንዲያነበው ሙሉው በዚህ ሰሌዳ ተለጥፏል።)



ዛሬ ከመዋጮውና ከድንኳኑ ጉዳይ ሌላ አንድ ነገር እንድናቀርብ ኮሚቴው አዞናል። እኛ ንግግር አዋቂዎች አይደለንም። ትምህርታችንም እንደምታውቁት ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ ጽፈን ነው ያመጣነው፤ ስናነብ ብንደናቀፍ አትፍረዱብን።

ጉዳዩ ይህ ነው። በመጪው ጥቅምት ማኅበራችን ስለ ጡትና ስለ ማሕፀን በር ካንሰር ለሰፈራችን ሴቶች ትምህርት ለመስጠት፣ ለታመሙትም ርዳታ ለማሰባሰብ አስቧል። ለዚህም ሥራ «ሰው የሚማረው ከሰው ነው፤ የታመሙትም የሚረዱትም አባሎቻችን ታሪካቸውን ይንገሩን፣ ጽፈን እንለጥፈው» የሚል አሳብ ከብዙዎቻችሁ ቀርቦልናል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ጥቅምት ይህንኑ አድርገን ምን እንደ ደረሰ ሳንነግራችሁ እንደገና ብንጀምር ማታለል ይሆንብናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናስታውቅ። ይህን ንግግር እዚህ ከማቅረባችን በፊት ለባለ ጉዳይዋ ቤታቸው ሄደን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበንላቸዋል። ሁለት ቦታ አስጠፍተውናል፤ አንድ ቦታ ደግሞ ያልነበረ አስጨምረውናል። እንዲለጠፍም የፈቀዱት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ታሪኩ እንዲህ ነው። እንጀራ ጋግረው ለሱቆች በማቅረብ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እኅታችን አሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ የማታውቁ አትጠይቁ። በጡት ካንሰር ታመው፣ ሆስፒታል ተመላልሰው፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ቤታቸው በተኙበት ጊዜ ማኅበሩ ያዋጣላቸውን ገንዘብ በፖስታ አድርገን ሊቀ መንበሩና እኛ ሄድን። ቡና ተፈላ። ፖስታውን ሰጠናቸው፤ አለቀሱ፤ መረቁን። ያን ጊዜ ነው እኛ፣ ፖስታው ገና ከእጃቸው ሳይወርድ፣ «ታሪክዎን ለሌላው መማሪያ እንዲሆን ጽፈን በሰሌዳው ብንለጥፈውስ?» ያልናቸው። «እሺ፤ እናንተ ካላችሁ ምን እላለሁ» አሉ።

እስቲ ይህን «እሺ» ልብ በሉት። ገንዘብ ተቀብሎ በዚያው ደቂቃ ለሰጪው «አይሆንም» የሚል ማን ነው? ያውም አልጋ ላይ የተኛ ሰው? እኛ ግን «እሺ» ማለታቸውን ብቻ ሰማንና ደስ ብሎን ወጣን።

የጻፍነው እኛ ነን። ማታ መብራት አብርተን ስንጽፍ፣ እውነቱን እንናገር፣ የነገሩን ነገር አነሰብን። የነገሩን፣ እብጠቱን ራሳቸው በእጃቸው እንዳገኙት፣ ለማንም ሳይናገሩ ብዙ ወር በቤት መድኃኒት እንደ ቆዩ፣ በመጨረሻም ታላቋ ልጃቸው አስገድዳ ሐኪም ቤት እንደ ወሰደቻቸው ነው። ይህ ይበቃ ነበር። ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከየት ይመጣል? እኛ ግን የሰው አንጀት እንዲላወስ፣ ኪሱም እንዲፈታ ብለን «ልጆቿን ይዛ ለልመና ልትወጣ ስትል ማኅበራችን ደረሰላት» የሚል ከራሳችን ጨመርንበት። ለልመና ሊወጡ አልነበረም። ሰው አሳዘንን፣ ማኅበሩንም በዚያው አመሰገንን፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መሆኑ ነው። ፎቶግራፋቸውንም ለጠፍን፤ ያውም ነጠላቸውን ተከናንበው አልጋ ላይ ሳሉ የተነሡትን።

የዚያ ወር መዋጮ ከወትሮው በለጠ። ኮሚቴውም አመሰገነን። ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ እንጀራቸውን ይወስዱ ከነበሩት ሱቆች ሦስቱ አንድ በአንድ አቆሙ። «ደንበኛ እየጠየቀን ነው» አሉ። ካንሰር በእንጀራም፣ በንክኪም፣ በትንፋሽም ከሰው ወደ ሰው እንደማይጋባ በዚያ ሁሉ ጽሑፋችን ውስጥ አንድ መሥመር እንኳ አልነበረም። ስለ እንባው ስናስብ ስለ እንጀራው ረሳን።

ቀጥሎ ደግሞ ሰሌዳውን አንድ ሰው በስልኩ አንሥቶት ኖሮ ፎቶግራፉ በቴሌግራም መዞር ጀመረ። ማን እንዳነሣው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከወር በኋላ የአንድ አባላችን ልጅ «ይህን አይታችኋል?» ብላ አሳየችን። የእኅታችን ፊት አለ፤ የእኛው ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ግን የማኅበራችን ያልሆነ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጽፎበታል። በእሳቸው ፊት ሌላ ሰው ይለምናል! ለፖሊስ አመልክተናል። ወረቀቱን ከሰሌዳው በዚያኑ ዕለት አነሣን፤ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረውን ግን ማን ያነሣዋል? ካፍ ከወጣ አፋፍ የተባለው ይኸው ነው።

ሊወቅሱን ሲመጡ ብዙ ይናገሩናል ብለን ጠብቀን ነበር። አልተናገሩም። «በሽታዬንስ አገር ይወቀው፤ ልጆቼን ግን ለማኝ አደረጋችኋቸው» ብቻ ብለው ተነሥተው ሄዱ። ትንሹን ልጅ ትምህርት ቤት በዚያ ስም እየጠሩት ለሳምንት አልሄድም ብሎ ነበር። ይህን የሰማነው ከእሳቸው አይደለም፤ ከጎረቤት ነው። እሳቸው ይህንን ነው ያስጨመሩን።

ይህን ብቻ ነግረናችሁ ብንቀመጥ ግን ግማሹን ደበቅን ማለት ነው። ያንኑ ጽሑፍ ያነበቡ የሰፈራችን ሴቶች ተጠራርተው ጤና ጣቢያ ሄደዋል። ከነርሱም አንዷ ሳታውቀው የነበረ እብጠት ገና በትንሽነቱ ተገኝቶባት፣ ወደ ሆስፒታል ተልካ ታክማ ዛሬ በደኅና ሥራዋን ትሠራለች። ማን እንደ ሆነች አንናገርም፤ ተምረናል። ያ ወረቀት ባይለጠፍ ኖሮ እሷም ብዙ ወር በቤት መድኃኒት ትቆይ ነበር። አንድ ወረቀት ነው፤ አንዷን አዳነ፣ አንዷን ጎዳ። ኮሚቴው ዓመቱን ሙሉ ሲነጋገርበት የከረመው ይህንን ነው።

አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያው ጨርሶ አይለጠፍ፤ የእድር ሥራ ገመና መሸፈን እንጂ መግለጥ አይደለም» ብላችኋል። ይህ ትልቅ ቃል ነው፤ እኛም ሳንረሳው አንቀርም። ማኅበራችን የቆመው ሰው ሲሞትበት፣ ሲቸገር፣ ገመናው ለባዕድ እንዳይታይ ነው። ሬሳ ያለ ክብር እንዳይወጣ፣ ልቅሶ ያለ ድንኳን እንዳይቀመጥ፣ ለእንግዳ የሚቀርብ ሳይጠፋ የጠፋበት መስሎ እንዳይታይ። የበጎ አድራጎት ቅስቀሳ የሚባለው ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ገመናህን አውጣው፣ ሰው አይቶ ይዘንልህ ይላል። ሁለቱ በአንድ ቤት ሲኖሩ መጋጨታቸው አይቀርም። በሌላ በኩል አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ይህም እውነት ነው። በተለይ ይህ በሽታ የሚገድለን ስለምንደብቀው ነው፤ ጡት ነው፣ ማሕፀን ነው፣ አፍረን አንናገርም። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እነዚሁ ናቸው። ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ከመሸ በኋላ ነው።

ታዲያ ሁለቱን እንዴት እናስታርቅ? ከእኛ በፊት ሌሎች ያለፉበትን እንመልከት ብለን፣ ዩኒቨርስቲ የሚማሩ ልጆቻችሁን አስቸግረን ጥቂት ነገር አሰባሰብን።

የወሎውን ረሃብ ታስታውሱታላችሁ፤ ትልልቆቹ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ብዙ ርዳታም በዚያ ተሰበሰበ። ያው ፊልም ግን ከአንድ ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር ተቀጣጥሎ በእኛው ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ንጉሡ መውረድ ነበረባቸው አልነበረባቸውም የዛሬ ጉዳያችን አይደለም፤ እሱን ለቡና ሰዓት ተዉት። የምንለው፣ ያ የወሎ ገበሬ ለምግብ ርዳታ ሲል ፊቱን ያሳየው ሥዕል ለሌላ ሥራ ሲውል የጠየቀው አለመኖሩን ነው። ከባለቤቱ እጅ የወጣ ሥዕል ማን ዘንድ አድሮ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም። የእኛዋ እኅትም የደረሰባት ይኸው ነው፤ በሰሌዳ የጀመረው በሌላ ሰው ሒሳብ ቁጥር አለቀ።

በ1977ም እንዲሁ። እኛ ያን ጊዜ ሕፃናት ነበርን። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያነሣው፣ ማይክል ብዩርክ የተናገረበት የኮረም ፊልም በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ። በዚያው ሰሞን የካናዳ ቴሌቪዥን ሰዎች በመቀሌ አንዲት ሦስት ዓመት ያህል የሆናትን ሕፃን አነሡ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትሞታለች የተባለችውን። ሐምሌ 6 ቀን 1977 በለንደንና በፊላደልፊያ ለረሃቡ የተደረገው ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ያ ፊልም ታየ፤ ያየው ሁሉ አለቀሰ፣ ገንዘብም ጎረፈ። ሕፃኗ ግን አልሞተችም። ብርሃን ወልዱ ትባላለች። አድጋ፣ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. በለንደን ሃይድ ፓርክ በሌላ እንዲህ ባለ ዝግጅት መድረክ ላይ በእግሯ ቆማ ታይታለች።

ይህን ስናነብ ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን «ያ ሥዕል ስንት ነፍስ አድኗል፤ ምን ነውር አለው?» አልን። ልክ ነው፤ እህል ገዝቷል። ሌሎቻችን ደግሞ፣ ዓለም ፊቷን ባወቀበት ዘመን ስሟን የማያውቅ መሆኑን አየን። ሦስት ዓመት የሆናት ሕፃን እሺም እንቢም አትልም። አረብ አገርና አሜሪካ ሠርተው የተመለሱ አባሎቻችን ደግሞ የሚነግሩን ሌላ አለ፤ «ከየት ነሽ?» ተብለው አገራቸውን ሲናገሩ የሚመለስላቸው ነገር ለስንት ዓመት ያው ረሃብ ነበር። ለአንድ ክፉ ዓመት የተሰጠ ፊት የአንድ አገር መታወቂያ ሆኖ ቀረ። ከእኛ ሰሌዳ ጋር ሲነጻጸር ይህ የዝሆንና የጉንዳን ያህል ነው፤ አካሄዱ ግን አንድ ነው። ልጁ «ለማኝ» የተባለው በአንድ መሥመር ጽሑፍ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን ግን የሩቁ ሳይሆን የቅርቡ ነው። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ወገኖቻችን እንደ መቅድምና እንደ ተስፋ ጎሕ ያሉትን ማኅበራት አቋቁመው በየትምህርት ቤቱ፣ በየቀበሌው፣ በየእድሩ እየዞሩ «እኔ አለብኝ» እያሉ ሲያስተምሩ ታስታውሳላችሁ። ነፃው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ነው ይህ። መድኃኒት ሳይኖር፣ ሰው ስኒ እየለየ፣ አከራይ ቤት እያስለቀቀ፣ እነሱ ቆመው ተናገሩ። የብዙ እድር ሰው ስለ በሽታው በመጀመሪያ የሰማው ከሐኪም አይደለም፤ ከእነርሱ አፍ ነው። ስንት ሰው ተመርምሮ፣ ስንት ሰው ተጠንቅቆ ተርፏል!

እነርሱን ከእኛ ሥራ የለያቸው ምንድን ነው ብለን አሰብን። አንደኛ፣ የተናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው ስለ እነርሱ አልጻፈም። ሁለተኛ፣ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ከኋላቸው ማኅበር ነበራቸው፤ ቤት ቢያስለቅቋቸው የሚያስጠጋ፣ ሲከፋቸው የሚያጽናና እንደ እነርሱ ያለ ሰው ነበራቸው። እኛ ግን እኅታችንን ሰሌዳ ላይ ብቻዋን አቁመን ወደየቤታችን ገባን። ሱቆቹ እንጀራዋን ሲተዉ ማን ሄዶ አነጋገራቸው? ማንም። እኛም አልሄድንም። የሄድነው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ሁለቱ ሱቆች ተመልሰዋል፣ አንዱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ልጃቸውን ማቴዎስን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆችም በ1996 ዓ.ም. በስሙ ማኅበር አቋቁመው ለካንሰር ታማሚዎች እየሠሩ መሆናቸውን ታውቃላችሁ፤ ማቴዎስ ወንዱ የሚባለው ነው። ኀዘናቸውን ለሕዝብ ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ የልጃቸው ስም የሚጠራበትን መንገድም እነርሱ ያውቃሉ። በባሕር ማዶም በ1967 ዓ.ም. መባቻ፣ ያው ንጉሡ በወረዱበት ወር፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ቤቲ ፎርድ በጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ሳይደብቁ በይፋ አስነገሩ። በዚያ ጊዜ እዚያም አገር ቢሆን ይህ ነገር በሹክሹክታ የሚነገር ነበር። ብዙ ሴቶች በዚያ ምክንያት ተመርምረዋል። የትልቅ ሰው ሚስት ናቸው፤ እንጀራቸውን የሚመልስባቸው ሱቅ የለም። ይህን ልዩነት አንርሳ። የድኻ ታሪክ ሲወጣ የሚከፈለው ዋጋ ይለያል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ታመሙት ነው። ስለሚረዱት አባሎቻችንም ጥቂት እንበል።

ጡረታ የወጡ አንድ ሹፌር አባታችን አሉ፤ በየወሩ ለታማሚዎች ሣጥን ሳያቋርጡ የሚከፍሉ። ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። ባለፈው ግንቦት ራሳቸው መጥተው «ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ወንዶቹ ይስሙት» አሉን። ባለቤታቸው በማሕፀን በር ካንሰር ነው ያረፉት። ይደማቸው እንደ ነበር ለባላቸው ሳይነግሩ ቆይተው፣ ሲነግሩም እሳቸው «የሴት ነገር ነው፣ ይተውሻል» ብለው መንገድ ሄዱ። «ይህን ቃል ነው የምከፍለው» አሉ። እኛ ብዕር አነሣን። ወዲያው ግን ትዝ አለንና «ልጆችዎ ያውቃሉ?» አልናቸው። ዝም አሉ። ታሪኩ የእሳቸው ነው፤ ግን የሟቿም ነው፣ የሴት ልጆቻቸውም ነው። ሄደው ተነጋገሩ። ልጆቹ አንድ ነገር እንዲወጣ ጠየቁ፤ ምን እንደሆነ እኛም አልጠየቅንም። የቀረው በጥቅምት ለወንዶች አባላት በእሳቸው አንደበት ይነገራል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ይህን ያህል ከደፈሩ፣ እኛ መስማት አያቅተንም።

ሌላው ዓይነት ደግሞ አለ። ዘይትና ዱቄት ሲሰጡ ፎቶግራፍ ካልተነሣ የማይሰጡ። ተረጂው ጆንያውን በአንድ ጎን፣ ሰጪው በሌላ ጎን ይዞ ወደ ካሜራው ሲያዩ ታዩታላችሁ። እኛም ስንት ጊዜ አሰልፈን አስነሥተናል። ሰጪዎቹ ቅር እንዳይላቸው እንፈራለን፤ እውነት ነው፣ ዱቄቱም ያስፈልገናል። ከእንግዲህ ግን ፎቶግራፍ የሚፈልግ ሰጪ ከጆንያው ጋር ብቻውን ይነሣል። አንድ ሁለት ሰው ብናጣም እንቀበለዋለን ብሎ ኮሚቴው ወስኗል።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ አናስረዝምም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የማንም ሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት እንዲቀድም ያዛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰውን የጤና ነገር በተለይ ይጠብቃል። እድር ነን፣ ጎረቤት ነን ብለን ከዚህ ውጪ አይደለንም። ሆኖም ሕጉ ባይኖርስ? ልጁ ትምህርት ቤት አልሄድም አለ እኮ።

ኮሚቴው የወሰነውን እንንገራችሁ። ርዳታና ታሪክ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ አይመጡም። ገንዘብ ያደረሰ ሰው ታሪክ አይጠይቅም፤ ሌላ ሰው፣ ከወር በኋላ፣ ባዶ እጁን ሄዶ ነው የሚጠይቀው። ታሪኩን የነገረም ያልነገረም ርዳታው እኩል ይደርሰዋል፤ ይህም ሲጠየቅ በመጀመሪያ ይነገረዋል። ይህ ለእኛ ከሁሉ የበለጠው ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ እንለምናለን። ባለ ታሪኩ የሚያምነው አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። የተጻፈው ይነበብለታል፤ አንድ ሳምንትም ያስብበታል፤ ከዚያ ይፈርማል ወይም አሻራ ያደርጋል። ፈርሞም ቢሆን በማናቸውም ቀን «አንሡልኝ» ካለ በዚያኑ ዕለት ይነሣል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

ከራሳችን አንዲት ቃል አንጨምርም። የሕፃን ስምና ፎቶግራፍ ጨርሶ አይለጠፍም። የትልቅ ሰውም ቢሆን ራሱ ካልጠየቀ አይለጠፍም። ማናቸውም ወረቀት ከ15 ቀን በላይ ሰሌዳ ላይ አይቆይም፤ ሲነሣም ለባለቤቱ ይመለሳል። በስልክ የሚነሣውን መከልከል እንደማንችል ለባለ ታሪኩ አስቀድመን እንነግረዋለን፤ የማንችለውን እንችላለን አንልም። የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥርም በአባልነት ደረሰኛችሁ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ በስልክ ለሚመጣላችሁ ሌላ ቁጥር አንድ ሳንቲም አትላኩ፣ የማንም ፎቶግራፍ ቢኖርበት።

በየወረቀቱ ግርጌ ሁለት ነገር ሳይጻፍ አይለጠፍም፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይጋባና ምርመራ የት እንደሚገኝ። የማሕፀን በር ምርመራ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በጤና ጣቢያ ይሰጣል። ጡታችሁን ግን በማናቸውም ዕድሜ ያላችሁ ራሳችሁ መዳሰስ ትችላላችሁ፤ እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ ወይም ከጡት ጫፍ ደም ካያችሁ አትቆዩ። ለሴቶች ልጆቻችሁ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ሳይከተቡ አይለፋቸው፤ ትምህርት ቤት ጠይቁ።

በነሐሴ ወር ሊቀ መንበሩና እኛ ወደ እኅታችን ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። በዚህ ጊዜ ፖስታ አልያዝንም። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ዘንድሮም ታስተምራላችሁ አሉ» አሉን። አዎን አልናቸው። «እንግዲያው እናንተ አትጻፉት። እኔው እናገረዋለሁ፤ ለሴቶች ብቻ። ከዚያ በፊት ግን ያንን ቃል አስተካክሉ» አሉ። ስለዚህ በእሳቸው ትእዛዝ የሚከተለውን እርማት እናወጣለን።

እርማት። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ አንዲት አባላችን «ልጆቿን ይዛ ለልመና ልትወጣ ስትል» ተብሎ የተጻፈው ሐሰት ነው። እሳቸው አላሉትም፤ የጨመርነው እኛ ነን። ታመው በተኙበትም ጊዜ ታላቋ ልጃቸው እየጋገረች ቤቱ አልተፈታም። ልጆቻቸው ለምነው አያውቁም።

ትምህርቱ እሑድ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ በ9 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ይሆናል። ለሴቶች ብቻ ነው። ስልክ በር ላይ ለተመደበችው እኅት ይሰጣል፤ ሲወጣ ይመለሳል። የወንዶቹ በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ሰዓት ነው። ታሪካቸውን መንገር የሚፈልጉ አባላት፣ የታመሙም የሚረዱም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤት ያገኙናል፤ የማይፈልጉም አይጨነቁ። በሁለቱም ቀን ለምሳ መልስ የሚቀርበው እንጀራ ከእኅታችን ቤት ታዟል።

የማኅበሩ ጸሐፊ